ስማርት ሰዓትና እርምጃ ቆጣሪ ለአካል ጉዳተኞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እኔ ከጉልበት በታች ሰው ሠራሽ እግር አደርጋለሁ፤ ከታች ያሉት ጥያቄዎች ፊዚዮቴራፒ ወረፋ ላይም ሆነ በስልክ ደጋግመው የሚጠየቁኝ ናቸው።

ሰዓቱ እንቅስቃሴዬን የሚያውቀው በምንድን ነው?

ውስጡ እንቅስቃሴ የምትለካ ትንሽ ሴንሰር አለች። ሰው ሲራመድ እጁ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል፤ ውዝዋዜው በተመሳሳይ ምት ሲደጋገም ሰዓቱ «እየሄደ ነው» ብሎ ይቆጥራል። እግራችሁን አያይም። እጃችሁን አይቶ ስለ እግራችሁ ይገምታል። ከሥሩ ቆዳችሁ ላይ የሚበራው አረንጓዴ መብራት ደግሞ በደም ሥራችሁ የሚያልፈውን ደም እየተከታተለ የልብ ምት ይቆጥራል። በዚህ ላይ መጀመሪያ ያስገባችሁትን ዕድሜ፣ ቁመት፣ ክብደትና ጾታ ጨምሮ ካሎሪ ያሰላል።

ችግሩ ስሌቱ የተሠራው ሁለት እግር ላለው፣ ሁለት እጁን እያወዛወዘ ለሚሄድ ሰው መሆኑ ነው። ከዚህ በታች የምታነቧቸው ጣጣዎች አብዛኞቹ ከዚችው ይመነጫሉ። ሰዓቱ ሲሳሳት ጥፋቱ የእናንተ ሰውነት አይደለም፤ ይሄን መጀመሪያ ልብ በሉልኝ።

በክራንች ወይም በዎከር ስሄድ እርምጃዬን አይቆጥርም። ተበላሽቶ ነው?

አልተበላሸም። ዎከር ስትይዙ ሁለቱም እጆቻችሁ ብረቱ ላይ ናቸው፤ አንጓችሁ ስለማይወዛወዝ ሰዓቱ የተቀመጣችሁ ይመስለዋል። በክራንች ደግሞ እጅ ይንቀሳቀሳል፣ ግን ምቱ የተለመደው የእግር ጉዞ ምት አይደለም፤ አንዳንዱን ይቆጥራል፣ አንዳንዱን ይዘላል። ቀስ ብሎ መሄድ ብቻውንም ቁጥሩን ያሳንሰዋል። ሱቅ ገብታችሁ ጋሪ ስትገፉም ያው ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከእጅ አውርዱት። ቁርጭምጭሚት ላይ እሰሩት፣ ወይም ወገብ ላይ ቀበቶ ውስጥ ሸጉጡት። እኔ በክራንች በምሄድባቸው ወራት ኮሪደር ላይ ጮክ ብዬ 100 እርምጃ እየቆጠርኩ ሞክሬዋለሁ። እጄ ላይ ሲሆን ግማሹን እንኳ አልያዘውም። ካልሲዬ ውስጥ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ሳስረው ከእኔ ቆጠራ ጋር ተቀራረበ። እናንተም እንደዚሁ አድርጉ፤ 100 እርምጃ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየቦታው እያሰራችሁ። የቱ ቦታ እንደሚሻል የእናንተ አካሄድ ራሱ ይነግራችኋል። ምንም ሰዓት ከሌላችሁም ስልክ ሱሪ ኪስ ውስጥ ተደርጎ እርምጃ ይቆጥራል፤ ስልኩ ወገብ አጠገብ ስለሚሆን ለክራንችና ለዎከር ተጠቃሚ ከእጅ ሰዓት የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሰው ሠራሽ እግር ነው ያለኝ። ሰዓቱን የት ልሰረው?

እጃችሁ ነጻ ከሆነና ክራንች ካልያዛችሁ እጅ ላይ ይበቃል። ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ካለባችሁ ሰው ሠራሽ እግሩ ላይ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ቆዳ የለም፣ አይልጥም፣ አያሳክክም። የሰው ሠራሽ እግሩ ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ባንዱ፣ ማለትም እንደ አምባር የሚታሰረው እርምጃ ቆጣሪ፣ መዞር ይጀምራል፤ ከሥሩ ትንሽ ስፖንጅ ወይም የጎማ ቁራጭ ጠቅልሉበት። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ አንድ እግር ላይ ሲታሰር አንዳንዱ ባንድ የዚያን እግር እርምጃ ብቻ ቆጥሮ ግማሹን ያሳያል። ለዚህ ነው የ100 እርምጃውን ሙከራ ደጋግሜ የምለው። ግማሹን ካሳየ በሁለት እያባዛችሁ አንብቡት፣ በቃ።

የልብ ምት ግን እዚያ የለም፤ ደም በሌለበት ምን ሊለካ ነው? በአፕል ሰዓት ላይ ሌላም ነገር ያጋጥማል። ሰዓቱ ቆዳ ካላገኘ የወለቀ መስሎት ራሱን ይቆልፋል። አንጓ ላይ መሆኑን የሚያጣራውን ምርጫ ከሴቲንግ ማጥፋት ይቻላል፣ ሲጠፋ ግን ቀኑን ሙሉ የሚለካው የልብ ምት አብሮ ይቆማል። ሁለቱንም የምትፈልጉ ከሆነ ሰዓቱን እጃችሁ ላይ ተዉት፣ እርምጃውን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ይቁጠረው።

ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። ለእኔ ተብሎ የተሠራ ሰዓት አለ?

አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 ዋችኦኤስ 3 የሚባለውን ሶፍትዌር ሲያወጣ የዊልቸር ምርጫ አስገባ። ከዚያ ወዲህ ምርጫውን ያበራ ሰው ሰዓቱ በእርምጃ ፋንታ ጎማውን የገፋበትን ብዛት ይቆጥርለታል። ሥራውን የሠሩት አላባማ በርሚንግሃም ካለው ሌክሾር ፋውንዴሽንና ሳን ዲዬጎ ካለው ቻሌንጅድ አትሌትስ ፋውንዴሽን ጋር ነበር፤ የዊልቸር ተጠቃሚዎች ሴንሰር አስረው እየገፉ፣ አገፋፋቸው እየተጠና ማለት ነው። ጋርሚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 ቬኑ 3 በሚባለው ሰዓቱ ላይ የዊልቸር ሞድ አመጣ። እሱም ግፊት ይቆጥራል፤ በተጨማሪም «ከተቀመጥክበት ክብደትህን ቀይር» ብሎ ያስታውሳል። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ሰው ይቺ ማስታወሻ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት የአልጋ ቁስል ያየ ያውቃል።

በአፕል ለማብራት አይፎኑ ላይ ያለውን የዋች አፕ ክፈቱ፤ «ማይ ዋች»፣ ቀጥሎ «ሄልዝ»፣ ቀጥሎ «ሄልዝ ዲቴይልስ» ግቡና ዊልቸር የሚለውን «የስ» አድርጉ። ያኔ በየሰዓቱ «ተነስተህ ቁም» የሚለው መልእክት ቀርቶ ዊልቸራችሁን እንድትገፉ ያስታውሳችኋል። መቆም የማይችልን ሰው በቀን አሥራ ሁለት ጊዜ ቁም ማለት ምን ዓይነት ስሜት እንዳለው አንድ የዊልቸር ተጠቃሚ ወዳጄ ነግሮኝ ነበር፤ ስፖርት አልወድም ብሎ ሳይሆን በዚያ መልእክት ብቻ ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ከቶት ነበር። ምርጫው መኖሩን የነገረው ሰው አልነበረም። በስፖርት ዝርዝሩም ላይ የዊልቸር ጉዞ በመራመድ ፍጥነትና በመሮጥ ፍጥነት ተለይቶ ይመጣል።

ከአሜሪካ ወይም ከአረብ አገር ዘመድ ሰዓት ሊያመጣላችሁ ከሆነ አንድ ነገር ቀድማችሁ ንገሩት፦ የአፕል ሰዓት ያለ አይፎን አይሠራም። አንድሮይድ ስልክ ይዞ የአፕል ሰዓት የተቀበለ ሰው አውቃለሁ፤ እስከዛሬ ካርቶኑ ውስጥ ነው።

የኔ ርካሽ ባንድ ነው፣ የዊልቸር ምርጫ የለውም። ምን ልጠቀምበት?

ደቂቃና የልብ ምት። የእርምጃ ቁጥሩን ከነጭራሹ እርሱት። ከመውጣታችሁ በፊት «ሌላ ስፖርት» ወይም «ነጻ ልምምድ» የሚለውን አስጀምሩ፣ ስትመለሱ አቁሙ። ስንት ደቂቃ እንደገፋችሁ፣ ልባችሁ እስከ ስንት እንደወጣ ታያላችሁ። ስትራቫ የሚባለው አፕ ላይ ዊልቸርና በእጅ የሚዘወር ብስክሌት ራሳቸውን ችለው ተመዝግበዋል፤ የሄዳችሁበትን መንገድና ርቀት በስልኩ ጂፒኤስ ይይዛል፣ ነጻው ይበቃል።

ባንዱም ከሌለ ደብተር ይኑር። ቀን፣ ደቂቃ፣ ድካም ከ10 ስንት፣ ትከሻ አመመኝ ወይስ አላመመኝም። ከብዙ አፕ የተሻለ መረጃ ነው፤ ፊዚዮቴራፒስቱም ከቁጥር ጋጋታ ይልቅ ይሄን ቢያሳዩት ይወዳል።

ሳልንቀሳቀስ እርምጃ ይቆጥራል። ለምን?

መንቀጥቀጥን እንደ እርምጃ ስለሚያየው። ኮብልስቶን ላይ ዊልቸር ሲገፋ እጀታው ይርገፈገፋል፤ ባጃጅ ውስጥ ስትሆኑም እንደዚያው። ጡንቻ በራሱ ጊዜ የሚኮማተርባቸው ወይም እጃቸው የሚንቀጠቀጥባቸው ሰዎችም ቁጭ ባሉበት ሺህ «እርምጃ» ሊያገኙ ይችላሉ። ሞተር ያለው ዊልቸር የምትጠቀሙም ከሆነ የዊልቸር ሞዱ አይጠቅማችሁም፤ እሱ የሚፈልገው የእጅ ግፊት ነው። እንዲህ ካጋጠማችሁ የቀኑን ድምር ተዉትና ራሳችሁ አስጀምራችሁ ያቆማችሁትን ልምምድ ብቻ እመኑ።

ባለ ሦስት ጎማ በእጅ የሚዘወር ብስክሌት ነው የምነዳው። በምን ላስመዝግበው?

በእጅ ብስክሌት፤ አፕልም ጋርሚንም በስፖርት ዝርዝራቸው ውስጥ አላቸው። በዊልቸር ጉዞ ግን አታስመዝግቡት፤ ፔዳል ማዞርና ጎማ መግፋት የተለያየ እንቅስቃሴ ነው፣ ቁጥሩ ይበላሻል። ዳገት ያለበት ከተማ የምትኖሩ ከሆነ ርቀትን ሳይሆን ደቂቃን ተከታተሉ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል መውረድና ወደ ሽሮ ሜዳ መውጣት ርቀቱ አንድ ነው፤ ለክንዳችሁ ግን አንድ አይደለም።

በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላሁ ዋጋ የለውም?

10,000 ከሕክምና የመጣ ቁጥር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ነበር፤ ስሙ «ማንፖ ኬ» ሲሆን የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። የቶኪዮ ኦሎምፒክ በተደረገ በዓመቱ፣ ሰው ሁሉ ስለ ስፖርት በሚያወራበት ወቅት የወጣ የዕቃ ስም ዓለምን አዳርሶ ግዴታ መሰለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አካል ጉዳተኞችን ለመጀመሪያ ጊዜ በስም አካቷል። እዚያ ላይ እርምጃ የሚባል ነገር የለም፤ የሚቆጠረው ደቂቃ ነው። ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ፣ በተጨማሪ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ። እዚያ መድረስ ያልቻለ ሰው የቻለውን ያህል ቢያደርግም ይጠቅመዋል ይላል መመሪያው። የአከርካሪ ጉዳት ላለባቸው አዋቂዎች የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ብሎ ይጀምራል፦ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 20 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴና ሁለት ጊዜ የጡንቻ ሥራ። ስለዚህ ሰዓቱ ላይ ያለውን ግብ ቀይሩት። የአንድ ሳምንት ልማዳችሁን እዩ፣ አማካዩን ያዙ፣ ከእሱ ትንሽ ከፍ አድርጉት። የምትወዳደሩት ካለፈው ሳምንት ራሳችሁ ጋር ነው።

የሚያሳየኝ ካሎሪ ትክክል ነው?

ለሁለት እግር ሰው እንኳ ግምት ነው። ለእኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳንሰዋል። በሰው ሠራሽ እግር መራመድ የበለጠ ጉልበት ይበላል፤ በብዛት የሚጠቀሰው ከጉልበት በታች ለተቆረጠ ሰው 25 በመቶ አካባቢ፣ ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ 60 በመቶና ከዚያም በላይ ጭማሪ ነው። እንደ ሰዉ ዕድሜ፣ እንደ ጉዳቱ መነሻና እንደ እግሩ አሠራር ይለያያል። መቆረጡን ያመጣው ስኳር ወይም የደም ሥር ችግር ሲሆን ይብሳል፣ በአደጋ ለተቆረጠ ወጣት ያንሳል።

ሰዓቱ ይሄን አያውቅም። ከታክሲ ወርዳችሁ ቤት እስክትደርሱ ላብ በላብ ሆናችሁ፣ እሱ «40 ካሎሪ» ይላችኋል። እመኑት አልልም፤ ሰውነታችሁን እመኑ። ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ በዚያ ቁጥር ምግብ አትለኩበት።

ክብደቴን ሳስገባ የጎደለውን እግር እንዴት ነው የማስበው?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው አያስበውም። አንድ ሙሉ እግር የሰውነትን ክብደት 16 በመቶ ያህል ይይዛል። ከጉልበት በታች ያለው ከነመርገጫው 6 በመቶ ገደማ ነው፤ ሙሉ ክንድ 5 በመቶ። ቢኤምአይ የሚባለው የክብደትና የቁመት ሚዛን ሲሰላ ይሄ ካልታሰበ ውጤቱ ይዛባል።

በምሳሌ እንየው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ፣ አንድ እግሩ ከዳሌ ጀምሮ የሌለ ሰው ያለ ሰው ሠራሽ እግር ሲመዘን 50 ኪሎ ሆነ እንበል። አፑ 17.3 ያወጣና «ክብደትህ ከመጠን በታች ነው» ብሎ ያስደነግጠዋል። አሁን 50ን ለ0.84 አካፍሉት፤ 59.5 ይመጣል። በእሱ ሲሰላ ሚዛኑ 20.6 ነው፣ ማለትም ጤናማ። በተቃራኒው የሚሠራበትም ጊዜ አለ፤ ጤናማ ነህ የተባለው ሰው በትክክል ሲሰላ ክብደት ጨምሮ ይገኛል፣ ተጨማሪ ክብደት ደግሞ ሶኬቱን፣ ማለትም ቀሪው እግር የሚገባበትን የሰው ሠራሽ እግሩን ክፍል፣ ያጠባል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፦ ቢኤምአይ በወረቀት ላይ በተስተካከለው ክብደት አሰላለሁ፤ ሰዓቱ ላይ ግን ሰው ሠራሽ እግሬን አድርጌ የተመዘንኩትን አስገባለሁ፣ ምክንያቱም ስሄድ የምሸከመው እሱን ነው።

የግፊቴ ቁጥር በበዛ ቁጥር ጎበዝ ነኝ ማለት ነው?

አይደለም። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ዊልቸር ለሚገፋ ሰው ትከሻው እግሩም እጁም ነው። አልጋ ላይ የሚወጣው በእሱ፣ ሽንት ቤት የሚሻገረው በእሱ፣ ዕቃ የሚያነሳው በእሱ። የትከሻ ሕመም ከዓመታት በኋላ ብዙውን ተጠቃሚ ያገኘዋል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ አጫጭርና ቶሎ ቶሎ የሆነ ግፊት ነው። ሰዓቱ ግን ይሄንኑ አገፋፍ ይሸልማል፤ ቁጥሩ ስለሚበዛ።

የሚመከረው ረጅምና ለስላሳ ግፊት ነው። እጃችሁን ወደኋላ ወስዳችሁ ጎማውን ያዙ፣ ወደፊት እስከሚሄድበት ግፉ፣ ከዚያ ልቀቁትና እጃችሁ ወደታች ዘና ብሎ ይመለስ። ከዚህ የተነሳ ቁጥሩን ገልብጣችሁ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ሁልጊዜ የምትሄዱበትን አንድ መንገድ ምረጡ፤ ከቤት እስከ ሱቅ ይሁን። ዛሬ በ300 ግፊት ሄዳችሁ ከወር በኋላ ያንኑ መንገድ በ240 ከሄዳችሁ አገፋፋችሁ ተሻሽሏል። የጎማ ንፋስም ያው ነው፤ ቁጥሩ ድንገት ከጨመረ መጀመሪያ ጎማውን ጨበጥ አድርጋችሁ ፈትሹ። ወዳጄ አንድ ሳምንት ሙሉ ደክሞኛል ሲል ከርሞ የቀኝ ጎማው ቀስ እያለ ይተነፍስ ኖሯል።

አንድ እጅ ብቻ ነው ያለኝ፣ ወይም ሁለቱም የሉኝም። እንዴት ልጠቀም?

አንድ እጅ ላለው የመጀመሪያው ፈተና ማሰር ነው። በአንድ እጅ ያንኑ እጅ ላይ ማሰሪያ መቆለፍ አይቻልም። መቆለፊያ የሌለው፣ ተለጥጦ እንደ አምባር የሚገባ የላስቲክ ማሰሪያ ግዙ። ሁለተኛው መንካት ነው፤ ሰዓት ያለበት እጅ የራሱን ሰዓት መንካት አይችልም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያመጣው አሲስቲቭ ተች የሚባል ምርጫ ለዚህ ነው የተሠራው። ጣትን በጣት ቆንጠጥ ማድረግ ወይም ጡጫ መጨበጥ ሰዓቱን ያዘዋል፤ ማያውን መንካት አያስፈልግም። አክሰሲቢሊቲ የሚለው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ሁለቱም እጅ ለሌለው ባንድን ቁርጭምጭሚት ላይ ማድረግ ይቻላል። ለልብ ምት ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ይሻላል፤ እሱ የልብን የኤሌክትሪክ ምት ስለሚያነብ እጅ አይፈልግም። ቀሪ ክንድ ላላቸው ደግሞ እንደ ፖላር ቬሪቲ ሴንስ ያለ ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ አለ፤ ጠባሳ ያለበት ቦታ ላይ ግን አታድርጉት፣ በዚያ ያለው የደም ዝውውር ስለሚለይ ንባቡ ይዋዥቃል። እጅ የሌለው ሰው ለመሮጥ መለኪያ አያስፈልገውም የሚል ካጋጠማችሁ፣ ወንድዬ ፍቅሬ እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ፓራሊምፒክ ላይ የክንድ ጉዳት ያለባቸው በሚወዳደሩበት ቲ46 በ1500 ሜትር ብር እንዳመጣ ንገሩት። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የፓራሊምፒክ ሜዳሊያ ነው።

ሰው ሠራሽ እጄ ላይ አስሬው የልብ ምት አሳየኝ። እንዴት?

ውሸቱን ነው። አረንጓዴው መብራት ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን እያየ ምት ይፈልጋል፤ ደም ባይኖርም ከንዝረትና ከሚገባው ብርሃን ምት የመሰለ ነገር ያወጣል። ደህና ሰዓት እንኳ ግዑዝ ዕቃ ላይ ታስሮ 70 እና 80 ሊል ይችላል። ያንን ቁጥር ለሐኪም አታሳዩት።

አንዳንድ ቀን ሰው ሠራሽ እግር፣ አንዳንድ ቀን ዊልቸር ነው የምጠቀመው። የቱን ልምረጥ?

በሳምንት ውስጥ የሚበዛውን። ሰዓቱ በአንድ ጊዜ እርምጃንም ግፊትንም በደንብ እንዲይዝ አትጠብቁ፤ በየቀኑ እየቀያየራችሁ ደግሞ የወሩን ግራፍ ማንበብ አትችሉም። እኔ ቁስል ሲወጣብኝና ወደ ክራንች ስመለስ ሴቲንጉን አልነካም፤ ለዚያ ሰሞን የማየው የልምምድ ደቂቃን ብቻ ነው። እርምጃም፣ ግፊትም፣ ፔዳልም በደቂቃ ይገናኛሉ።

የአከርካሪ ጉዳት አለብኝ። የልብ ምቴ ከፍ አይልም፣ ሰዓቱም «ቀላል ልምምድ» ይለኛል። ምን ላድርግ?

ሰዓቱ የልብ ምት ደረጃዎችን የሚያወጣው አብዛኛውን ጊዜ ከ220 ላይ ዕድሜን በመቀነስ ነው። የ30 ዓመት ሰው ጣሪያው 190 ነው ይላል። ልብን «ፍጠን» የሚሉት ነርቮች ግን ከላይኛው የደረት አከርካሪ ነው የሚወጡት፤ ጉዳቱ ከዚያ በላይ ከሆነ ትእዛዙ አይደርስም። አንገቱ ላይ የተጎዳ ሰው ልቡ ብዙ ጊዜ ከ110 እስከ 130 አካባቢ ላይ ይቆማል። ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ ሰዓቱ ገና ሙቀት ላይ ነህ ይለዋል። ቤታ ብሎከር የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድም እንደዚሁ። ስለዚህ ደረጃዎቹን ተዉና ንግግራችሁን አዳምጡ፦ ማውራት ከቻላችሁ ግን መዝፈን ካልቻላችሁ መካከለኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ ጠንካራ ነው። ወይም ድካሙን ከ10 ስንት ብላችሁ ራሳችሁ ስጡት፤ 5 እና 6 መካከለኛ ናቸው።

በ6ኛው የደረት አከርካሪ አጥንትና ከዚያ በላይ ለተጎዳ ሰው ሌላ ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ የደም ግፊት ድንገት የሚወነጨፍበት ሁኔታ፣ ሐኪሞች ኦቶኖሚክ ዲስሪፍሌክሲያ የሚሉት። ምልክቱ የሚፈርጥ ራስ ምታት፣ የፊት መቅላት ወይም መጋል፣ ከጉዳቱ በላይ ላብ፣ የአፍንጫ መታፈን ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ የሞላ ፊኛ፣ የታጠፈ የሽንት ቱቦ፣ የሆድ ድርቀት ወይም ቁስል ነው። ልብ ምት ያኔ ቀዝቀዝ ሊል ስለሚችል ሰዓቱ ጸጥ ይላል፤ እሱን አትጠብቁ። ልምምዱን አቁሙ፣ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ጠበቅ ያለ ልብስና ቀበቶ ፍቱ፣ ቱቦውን ፈትሹ፣ ካልቀነሰ ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ። ሙቀትም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ከጉዳቱ በታች ያለው አካል ስለማያልበው ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያላችሁ ጠዋት በማለዳ ሥሩ፣ ውኃ መርጫ ጠርሙስ ያዙ።

ቁስል ወጥቶብኝ ማረፍ አለብኝ፣ ግን ተከታታይ ቀኖቼ እንዳይቋረጡ እፈራለሁ።

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ሰው የቀኑ ግብ ሲሟላ ሰዓቱ ላይ ለምትሞላ አንዲት ቀለበት ብሎ ቆዳውን ሲያቆስል አይቻለሁ። እኔም አድርጌዋለሁ። 46ኛ ቀኔ ነበር፤ ሶኬቱ በጎኑ በኩል ሲነካኝ ጠዋት ተሰምቶኛል፣ ማታ 600 እርምጃ ስለቀረኝ ብቻ ግቢ ውስጥ ዞርኩ። ላይነሩን፣ ማለትም በቆዳዬና በሶኬቱ መካከል የሚገባውን ልባስ፣ ሳወጣ ከውስጡ ደም ነበረበት። ሦስት ሳምንት እግሬን ማድረግ አልቻልኩም።

ሰው ሠራሽ እግሩን ስታወልቁ ወይም ከዊልቸር ስትነሱ ቆዳችሁ ላይ መቅላት ካያችሁ ጊዜውን ያዙ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልጠፋ በዚያ ቀን አቁሙ። ስሜት የሌለው ቆዳ ላይ ደግሞ ሕመም አይነግራችሁም፤ በመስታወት በየማታው እዩት። የአፕል ሰዓት ከዋችኦኤስ 11 ጀምሮ ቀለበቶቹን ለአንድ ቀን፣ ለሳምንት፣ እስከ 90 ቀን ድረስ ቆም ማድረግ ያስችላል፤ ተከታታይ ቀናችሁም አይጠፋም። ሌላ ባንድ ከሆነ ግቡን ዝቅ አድርጉት። ለምሳሌ 500 አድርጉትና አልጋ ላይ ሆናችሁ የክንድና የሆድ ልምምድ ሥሩ፤ ቁስሉ ደርቆ አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር እግሩ ጥግ ላይ ይቁም።